ከሰኔ 30 በፊት፦ ለባሕር ዳር የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው

ሰኔ 30 ካርድ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ዩኒት ሊደሩ ቢሮውን ይዘጋል፣ ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ይወጣል፣ ማኅተሙም መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ «ለሥራ ምልከታ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጌ ነበር» ብሎ የሚመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ጥበቃውን ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ መስክ ምርጫ፣ ስለ ክረምት የሥራ ምልከታና ስለ ወረቀት ዝግጅት እዚህ የተጻፈው አብዛኛው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ባሉት ስድስት ሳምንታት የሚያልቅ ሥራ ነው። 12ኛ ክፍል እስኪደረስ መጠበቅ አያዋጣም፤ ያኔ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ከፈተና ሌላ ወሬ የለውም።

የፈተናውን ቁጥር ሳይሸፋፍኑ እንናገረው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ዘጠኝ አልሞላም። የትምህርት ቤት ድጋፍ ማለት የቅዳሜ ቱቶሪያል ብቻ ከሆነ፣ ለዘጠና አንዱ ምን ተዘጋጀለት? ከቀሩት የተወሰኑት ወደ ሪሜዲያል (ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ወደሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ይገባሉ፤ ሌሎቹ ቴክኒክና ሙያ ይማራሉ ወይም ሥራ ይፈልጋሉ። ይህን መንገድ ውጤት ከወጣ በኋላ በድንጋጤ የሚጀምረውና ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን ያዘጋጀው ልጅ አንድ አይደሉም።

ናቹራል ወይስ ሶሻል

11ኛ ክፍል ሲገባ ከናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ወይም ከሶሻል (የማኅበራዊ ሳይንስ) አንዱ ይመረጣል። በየዓመቱ የሚደጋገመው ስህተት ከሒሳብ ለመሸሽ ሶሻል መግባት ነው። ፈተናው ስድስት የትምህርት ዓይነት አለው፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600 ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ሁለቱም ጋ አሉ። ከ600ው 300ው የጋራ ነው ማለት ነው። ምርጫው የሚለውጠው ቀሪውን 300 ብቻ ነው፤ በአንዱ ወገን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ በሌላው ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ።

በቁጥር እንየው። አንድ ተማሪ እንግሊዝኛ 45፣ ሒሳብ 38፣ አፕቲትዩድ 62 አመጣ እንበል፤ 145 ሆነ። የ600ውን ግማሽ፣ ማለትም 300 ለመድረስ 155 ይቀረዋል፤ በሦስቱ የመስክ ትምህርቶች በአማካይ ወደ 52 ያስፈልገዋል። ሒሳቡን ከ38 ወደ 50 ቢያሳድግ ግን የሚፈለግበት አማካይ ወደ 48 ይወርዳል። ሒሳብ በየትኛውም በኩል ተከትሎ ይመጣል፤ ቱቶሪያል የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ሦስቱን የጋራ ትምህርቶች ይያዝ።

ለምርጫው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል አራት ሴሚስተር ውጤት ይዛችሁ ተቀመጡ። በየወገኑ ሦስት ትምህርት በአራት ሴሚስተር አሥራ ሁለት ቁጥር ይሆናል፤ ደምራችሁ ለ12 አካፍሉ። ካርድ ላይ ያለውን ቁጥር ግን እንዳለ አትውሰዱት፤ የቡድን ሥራ፣ የቤት ሥራና የደብተር ነጥብ ተጨምሮበታል። ብሔራዊ ፈተናው የቡድን ሥራ አያውቅም። መምህሩን «ከማጠቃለያ ፈተናው ብቻ ስንት አመጣሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማርክ ሊስቱ ላይ ለብቻው ተመዝግቦ ይገኛል። ካርዱ ላይ 84 የሆነ ልጅ ማጠቃለያው ላይ ከግማሽ በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ከአምስት ነጥብ ካነሰ ውጤቱ አይወስንላችሁም፤ ያኔ የምትፈልጉት ሥራ ይወስን። ምህንድስና፣ ጤናና ግብርና በናቹራል በኩል ናቸው፤ ሕግ፣ አካውንቲንግና ማኔጅመንት በሶሻል። «ሶሻል የሰነፍ ነው» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ስንቱን ልጅ ግን የማይወደው ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት አስቀምጦታል።

ይህን ስሌት ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ሂዱ። አማካሪው ብዙ ጊዜ ክፍለ ጊዜ ያለው መምህር ስለሆነ በእረፍት ሰዓት በር ላይ ተሰልፎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቀንና ሰዓት አስቀድማችሁ ያዙ። «ምን ልሁን?» ብሎ የሚገባ ተማሪ ምክር ሳይሆን ተግሣጽ ይዞ ይወጣል። ቁጥሩን ዘርግቶ «በዚህ ውጤት ከእነዚህ ከሁለቱ የቱ ይሻለኛል?» ያለ ግን እውነተኛ መልስ ያገኛል። ወላጅ አብሮ መግባቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ልጁ ብቻውን ቢያወራ ይሻላል። አባት ፊት «ሐኪም መሆን አልፈልግም» የሚል ልጅ አይገኝም።

ደብዳቤው

የክረምት የሥራ ምልከታ ማለት አንድ ተማሪ ለአሥር የሥራ ቀናት፣ በቀን ሦስት ሰዓት፣ አንድ የሥራ ቦታ ሄዶ ማየትና ቀላል ነገር ማገዝ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ወረቀት ነው፤ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው።

«ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። መዝገብ ቤት የምትቀመጠው ሠራተኛ ወደየትኛው ክፍል እንደምትመራው ስለማታውቅ ፋይል ውስጥ ያድራል። ደብዳቤው የድርጅቱን ስም፣ ከተቻለም የክፍሉን ስም ይያዝ፤ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ ለተማሪ የሥራ ምልከታ ትብብር መጠየቅን ይመለከታል» ይበል። ቀጥሎ የተማሪው ሙሉ ስም፣ የክፍል ደረጃ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይግባ፤ ለምሳሌ «ከሐምሌ 6 እስከ ሐምሌ 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ባሉት 10 የሥራ ቀናት፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት»። «ያለ ክፍያ» የሚለውን አትርሱ፤ ይህ ሐረግ ከሌለ ኃላፊው በጀት ተጠየቅሁ ብሎ ይፈራል። ወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም ይኑሩት። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ትመለሳላችሁ።

ሦስት ቅጂ አዘጋጁ፦ አንዱ ለድርጅቱ፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ፋይል፣ ሦስተኛው ለራሳችሁ። የራሳችሁ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቷ ገቢ ቁጥርና ቀን ጽፋ ትፈርምላችሁ። በሦስተኛው ቀን ስትመለሱ «ደብዳቤ አስገብቼ ነበር» ሳይሆን «በዚህ ቁጥር በዚህ ቀን የገባው የት ደረሰ?» በሉ፤ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሳምንት ነው። ጋራዥ፣ ብየዳ ቤት፣ ሞባይል ጥገና ወይም ሕትመት ቤት ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ባለቤቱን ጠዋት ሥራ ሳይበዛበት ከወላጅ ጋር ሄዶ ማናገርና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማሳየት ይበቃል።

ዕድሜ አስቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊያሠሩት አይቻልም። ምልከታ ቅጥር ባይሆንም ይህን ልኬት ያዙ። «ለልምምድ» ተብሎ ከጠዋት እስከ ማታ ባጃጅ የሚያጥብ ልጅ እያሠለጠኑት ሳይሆን እየተጠቀሙበት ነው።

በአሥሩ ቀን ውስጥ የሚመለሱ ጥያቄዎች ይኑሯችሁ። እዚህ የሚሠራው ሰው በምን ትምህርትና በስንተኛ ደረጃ ገባ? በመጀመሪያው ዓመት ምን ያሠሩታል? ሥራው የሚቀዘቅዘው በየትኛው ወር ነው? በየቀኑ ግማሽ ገጽ ጻፉ፤ በመጨረሻው ቀን ኃላፊው አንብቦ ይፈርምበት። ያ ደብተር ነገ ሥራ ስትጠይቁ ከብዙ ሰርተፍኬት በላይ ይናገራል።

በየትኛው ወር የት

ባሕር ዳር ላይ ወቅቱን ሳያዩ ቦታ መምረጥ ሌላው ስህተት ነው። ሆቴልና አስጎብኚነት ማየት የሚፈልግ ልጅ ክረምት ላይ ቢሄድ ባዶ ሪሰፕሽንና የታሰሩ ጀልባዎች ያያል። የዘጌ ገዳማት ጎብኚ የሚበዛው በበጋው ነው፤ በተለይ ከገናና ከጥምቀት ጋር። ስለዚህ ለቱሪዝም የሚሻለው ጥር መጨረሻ አካባቢ የሚሰጠው የሴሚስተር ዕረፍት ነው፤ አጭር ቢሆንም ሥራው በሙሉ ኃይሉ ይታያል።

ዓሣ የሚስበው ግን ክረምቱን እንዳያመልጠው። የጣና ነጭ አሳዎች እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ዕንቁላል ለመጣል የሚወጡት በክረምት ነው፤ ዓሣ አስጋሪው፣ ተመራማሪውና ዓሣው በወንዝ አፍ ላይ የሚጋጩትም ያኔ ነው። ባሕር ዳር የዓሣና የሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት። ባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ምዕራፍ እዚህ በእግር የሚደረስበት ነው። ጣናን የወረረው አረም እምቦጭም እንዲሁ፤ ለሳይንስ ክበብ ፕሮጀክት ከዚህ የቀረበ ርዕስ የለም። ብቻ «እምቦጭን እናጥፋ» የሚል ፕሮጀክት አትሥሩ። አሥር ኪሎ እርጥብ እምቦጭ ሲደርቅ ስንት ኪሎ ይቀራል? ኮምፖስት ለመሆን ስንት ሳምንት ይፈጃል? በሚዛንና በቀን መቁጠሪያ የሚመለስ ጥያቄ ያዙ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀብሎ በተግባር ያስተምራል፤ መረጃውን በትምህርት ቤታችሁ የሳይንስ ክበብ በኩል ጠይቁ።

ሆስፒታል ማየት ለሚፈልጉ፦ ታካሚ ያለበት ክፍል ለታዳጊ ቢከለከል አትገረሙ። ካርድ ክፍል፣ መድኃኒት ቤት ወይም የሕክምና መሣሪያ ጥገና ክፍል ብላችሁ ጠይቁ። የመሣሪያ ጥገናን ብዙ ተማሪ ሙያ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ቴክኒክና ሙያ

ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ የመግቢያ መቁረጫ በየዓመቱ ይወሰናል። ማስታወቂያው ወጥቶ ምዝገባው እስኪዘጋ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ትራንስክሪፕት፣ ፎቶግራፍና መታወቂያ አስቀድሞ ይዘጋጅ። አብዛኛው ሥልጠና ከድርጅት ጋር በትብብር የሚሰጥ የተግባር ሥራ ነው፤ ከኮሌጁ መረጃ ስትጠይቁ «የምለማመደው የት ነው?» የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሁን። በሥልጠናው መጨረሻ ሲ.ኦ.ሲ. የሚባል የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ ጽሑፍና ተግባር። ተግባሩ ላይ ጎበዝ ልጅ ሳይቀር «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚባለው ሥራውን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን በመዝለሉ ነው። ኃይል ሳያጠፋ ገመድ ይነካል፣ መነጽር ሳያደርግ ይበይዳል፣ ጨርሶ መሣሪያውን ወደ ቦታው አይመልስም። መዛኙ የሚይዘው ቅጽ ላይ እያንዳንዷ እርምጃ ሳጥን አላት።

ስም

ቀላል ይመስላል። አንዲት ቃልኪዳን የምትባል ተማሪ ስሟ በላቲን ፊደል ካርዷ ላይ በ«ኬ»፣ ፋይዳዋ ላይ በ«ኪው» ቢጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ቢሮ «ሁለት ሰው ናችሁ» ይላታል። በአማርኛውም «ኃይሉ»ና «ሀይሉ» ኮምፒውተር ላይ ሁለት ስም ናቸው። የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳና የትምህርት ቤቱ ሮስተር ጎን ለጎን ይቀመጡና ፊደል በፊደል ይነጻጸሩ፤ የአያት ስም ጭምር። ማረም የሚቀለው የ12ኛ ክፍል ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ነው። ኢሜይል ስትከፍቱም በዚያው አጻጻፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው፣ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ሰርተፍኬቱ ላይ የሚታተመው ስትመዘገቡ የጻፋችሁት ስም ነው። ትምህርቱ ቪዲዮ ስለሚበዛው ዳታ ይበላል። ዋይፋይ ያለበትን ሰዓት አስልታችሁ ጀምሩ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይቆማል። ቢያንስ መዳፊትና ኪቦርድ መልመድ አይቀርላችሁም፤ ብሔራዊ ፈተናውም ወደ ኮምፒውተር እየዞረ ነው።

ከገጠር መጥታችሁ ቤት ተከራይታችሁ ለምትማሩ አንድ ነገር፦ ቱቶሪያሉ ቅዳሜ ከሆነ፣ እናንተ ደግሞ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤት የምትሄዱ ከሆነ፣ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። አምስትም ስድስትም ሆናችሁ ስም ዝርዝር ይዛችሁ የክፍል ኃላፊውን መምህር በተቃራኒ ፈረቃ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። ለአንድ ተማሪ ፕሮግራም አይቀየርም፤ ለስድስት ይቀየራል። ከሌላ ወረዳ የተዛወረ ልጅ መሸኛውንና ውጤቱን በዋናው ይያዝ፤ ኮፒ ብቻ ይዞ የመጣ ከዋናው ጋር ካልተመሳከረ አይመዘገብለትም።

ወረቀቱ ሁሉ ክላሰር ውስጥ፣ ክላሰሩ ደግሞ ፌስታል ውስጥ ይግባ። ሐምሌ ላይ ከባጃጅ ወርዶ ቢሮ እስኪገባ ድረስ የደብዳቤ ማኅተም ሰማያዊ ውኃ ይሆናል።