ባንክ «ጥሩ» ያለው የኤሌክትሪክ መስመር

አዲስ አበባ ዳር ላይ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ካርታውን አረጋግጪ፣ ዕዳና እገዳ አጣሪ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም የሚል መካሪ ሞልቷል፤ ትክክልም ነው። «የሶኬቱን ክዳን አስፈትተሽ እዪ» ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ቤቱ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ነው። ዋናው ቤት፣ ከጀርባው ሰርቪስ፣ ጥግ ላይ ማድ ቤት። ሰነዱ ንጹህ ነበር። የብድሩ ጉዳይም ወረፋው ቢያሰለችም አለቀ። እዚያ ላይ ብዙ የማወራው የለኝም።

ስለ ግድግዳው ግን ትንሽ ልበል። በዚያ በኩል ጥቁር አፈር ይበዛል። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የተሠራበትን ቤትም አብሮ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ደላላው «ልስኑ ነው» ቢላችሁ አትስሙት። ስንጥቁ ላይ አግድም ጄሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። የእኛው ስንጥቅ የቆየና የረጋ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሁሉ መንገዱ ጭቃ ስለማይሆን ቤት የሚያየው በበጋ ነው። እኔ ቤት በክረምት ይታይ ባይ ነኝ። ጣሪያው ማፍሰሱ፣ ግቢው ውሃ መቋጠሩ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ መሙላቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ ልምጣ።

ሰርቪሱን ተከራይተው የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ቤቱን ልናይ ስንሄድ ማድ ቤት እንጀራ ይጋግራሉ። ከምጣዱ ፊት፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ፣ ጣውላ ተነጥፏል። ጣውላው መሃሉ በእግር ብዛት ሰርጉዷል። ሊጡን የሚያዞሩት እዚያ ላይ ቆመው ነው።

«እማማ፣ ጣውላው ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ምጣዱ ይነዝራላ ልጄ! እዚህ ላይ ስትቆሚ ግን ይተዋል። አክንባሎውንም በጨርቅ ነው የማነሳው።»

እኛ አገር «ይነዝራል» እንደ ቀላል ነገር ነው የሚወራው። ይህ ነገር በጣም ያናድደኛል። ጫማ አድርጊ፣ ጣውላ ላይ ቁሚ፣ በጨርቅ ያዢው ይባልና ይታለፋል። ስንት እናት ናት እንዲህ እየጋገረች ልጆች ያሳደገች! የሚነዝር ምጣድ ማለት ኤሌክትሪክ ከውስጡ ሽቦ አምልጦ ወደ ብረት አካሉ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። የኧርዝ ሽቦ በትክክል ተዘርግቶ ቢሆን ያመለጠው ኤሌክትሪክ በዚያው ይወርዳል፣ መቁረጫ ካለም ወዲያው ያቋርጠዋል። ኧርዝ ከሌለ ግን ብረቱ ላይ ሆኖ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። ጣውላው በእግር በኩል ያለውን መንገድ ብቻ ነው የሚዘጋው። አንድ እጅ ምጣዱ ላይ፣ ሌላው እጅ የውሃ ቧንቧ ላይ ከሆነ ጣውላ አያድንም። ባዶ እግሩን ሮጦ የሚገባ ሕፃንም አለ።

ለሻጩ ነገርኩት። በማግስቱ የራሱን ኤሌክትሪሺያን አመጣ። ልጁ አምፖል ያላቸው ሁለት ሽቦዎች ይዟል። አንዱን ሶኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ከተተ፣ ሌላውን ጎን ላይ ያለው የኧርዝ ብረት ላይ አስነካ። አምፖሉ ቦግ አለ። «ይኸው፣ ኧርዝ አለው!» ባለቤቴ አመነ። እኔ አላመንኩም፤ ኧርዝ ካለው እማማን ለምን ይነዝራቸዋል?

በዚህ መሃል የባንኩ ገማች መሐንዲስ መጣ። ግቢውን ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ክፍሎቹን ቆጠረ። «እባክዎ ማድ ቤቱን ይዩልኝ፣ ምጣዱ ይነዝራል» አልኩት። «የእኔ ሥራ ዋጋ መገመት ነው እህቴ» አለኝ። እሺ፣ ይህ አግባብ ነው፤ አልተከራከርኩም። የባንክ ግምት ባንኩ ብድሩን የሚያስጠብቅበት እንጂ እናንተን የሚያስጠብቅበት አይደለም።

ሪፖርቱ ሲወጣ ግን «የኤሌክትሪክ ዝርጋታ» የሚል መስመር አለው። ፊት ለፊቱ ምን ተጽፎ ባገኝ ጥሩ ነው? «ጥሩ»። የማድ ቤቱን ደፍ እንኳ አልረገጠም! አንድ ክዳን አልፈታም፣ አንድ መቁረጫ አልነካም። ሥራዬ አይደለም ካለ ለምን ጻፈው?

ባንኩ ሄድኩ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተላክሁ። የለመንኩት ያቺን መስመር እንዲሰርዟት ወይም ባዶ እንዲተዉአት ብቻ ነው። አንዱ ኃላፊ ከስልኩ ቀና ሳይል «ፎርሙ ባዶ አይቀበልም» አለኝ። እንደገና ይገመት ካልኩም የግምቱን ክፍያ እንደገና መክፈል አለብኝ። ሳስታውሰው አሁንም ደሜ ይፈላል። የማያውቁትን ነገር «አልታየም» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ከዚያ በኋላ የራሴን ባለሙያ ይዤ ሄድኩ። አስቀድሞ ዋናውን አጠፋ፣ መጥፋቱን በቴስተር አረጋገጠ፣ ከዚያ የማድ ቤቱን ሶኬት ክዳን ፈታ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ብሎን ወደ ኧርዙ ብሎን የተጠለፈች የጣት ርዝመት ያላት ሽቦ አለች። «ይኸውልሽ ኧርዝሽ» አለኝ። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪሱና ወደ ማድ ቤቱ የመጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛ የሚባል የለም። ሻጩ ያመጣው ኤሌክትሪሺያን አምፖል የበራው ኤሌክትሪኩ በዚያች ቁራጭ ዞሮ በኒውትራሉ ስለተመለሰ ነው። ይህ ፈተና ማንንም ያታልላል። የሚያስፈራው ደግሞ ሌላ ነው። የኒውትራሉ ሽቦ አንድ ቦታ ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ 220 ቮልቱ በዚያችው ቁራጭ በኩል በቀጥታ ወደ ምጣዱ ብረት ይመጣል። ያኔ ንዝረት አይባልም፤ ይገድላል።

በዚህ ላይ ሽቦዎቹ ባለ 2.5 (ውፍረታቸው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር) ናቸው፤ ሰርቪሱን በሙሉ የሚያበሉት እነሱ ናቸው። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። እሱ ላይ ካውያና ማንቆርቆሪያ ጨምሩበት። በረንዳው ላይ በፕላስተር የተቀጠለው ቦታ ሲገለጥ የሽቦው ልባስ ቡናማ ሆኗል፣ ፕላስተሩ ደርቆ ይፈረፈራል። እሳት የሚነሳው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ቤቱ ገና የእኛ ባይሆንም ያቺን ቁራጭ ሽቦ እዚያው አስቆረጥኳት። ለእማማም ሊጥ ሲያዞሩም ሆነ እንጀራ ሲያወጡ መጀመሪያ ስፒናውን እንዲነቅሉ ነገርናቸው። ሻጩን ዋጋ ቀንስልን አልነው። የባንኩን ወረቀት አወጣና «ባንክ ጥሩ ያለውን አንቺ ማነሽ መጥፎ የምትይው?» አለኝ። አንድ ብር አልቀነሰም። ቦታውን ስለወደድነው ገዛነው፤ መስመሩን በሙሉ በራሳችን ገንዘብ አስነቅለን አዲስ አዘረጋን። ለምጣዱ ብቻውን ባለ 4 ሽቦ፣ ሦስት ሆኖ፣ ከራሱ 25 አምፔር ብሬከር ጋር። ግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ ተቀበረ። ዋናው ሳጥን ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ በራሱ የሚቆርጠው፣ 30 ሚሊአምፔር የሚባለው መቁረጫ ገባ። ከምድጃም ከሶፋም በፊት ይህን በማስገባታችን እኮራለሁ። ላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በየወሩ ተጫኗት፤ ካልቆረጠ ተበላሽቷል።

«ፈቃድ ያለው ባለሙያ አሠሩ» ይባላል። ይሁን። ግን ሻጩ ያመጣው ኤሌክትሪሺያንም ፈቃድ አለኝ ባይ ነበር። ፈቃዱን ከምትጠይቁ ይልቅ ክዳኑ ሲፈታ አጠገቡ ቁሙ፤ ሦስት ሽቦ ካላያችሁ ቀብድ አትስጡ። ዋጋ የሚቀነሰውም ያኔ ነው፤ ውልና ማስረጃ ከፈረማችሁ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

የቀረውን ባጭሩ። የጋዝ ሲሊንደር ካለ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፣ ክብሪት አትጫሩ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ መውጫ ቀዳዳው ከታች ይሁን። ሮቶ የተቀመጠበትን ብረት ሥሩን እዩት፤ 2000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነው፣ ዝገት አይችለውም። የዘበኛ ቤት ካለ መስኮቱን እዩ። የእኛው ጨርሶ መስኮት አልነበረውም፣ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። የከሰል ጭስ አልታየም ማለት መርዙ የለም ማለት አይደለም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋም የሚገድለው ጋዝ ይወጣል፣ ሽታም የለውም። በብርድ ሌሊት ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በፍጹም አይደረግም። መስኮት አወጣንለት፣ ወፍራም ብርድ ልብስም ገዛን።

የእሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው፣ የመብራት ብልሽት 905። ለባንኩ ስለ ሪፖርቱ የጻፍኩት ደብዳቤ እስካሁን መልስ አልመጣለትም፤ ቅጂውን ይዤ እንደገና እሄዳለሁ።