ሐይቅ ዳር በባዶ እግር

ሐይቅ ዳር ጫማ ማውለቅ አይመከርም። እኔ ግን አወለቅኩ።

ጥፋቱ የዛንዚባር ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እዚያ ደርሳ ከተመለሰች ወዲህ ቢሯችን ውስጥ ወሬው ሁሉ ነጭ አሸዋ ሆኗል። በባዶ እግሯ ባሕር ዳር ስትንሸራሸር የተነሳችውን ፎቶ ያላየ የለም። ደሴ ላይ ተቀምጦ ደግሞ የሚታየው የጦሳ ተራራ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ወንድሜን ቀስቅሼ ወደ መናኸሪያ ወረድን።

ሐይቅ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከተማዋም ውሃውም ስማቸው አንድ ስለሆነ “ሐይቅ ሄጄ ሐይቁን ሳላየው መጣሁ” የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ በባጃጅ ቀጥታ ወደ ውሃው ወረድን።

አሸዋ የለም። ፊላ አለ፣ ጥቁር ጭቃ አለ። ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ። አንዱን እግሬን ስነቅል ሌላው ይገባል። መረብ የሚጠግኑ አንድ አባት ቀና ብለው አዩኝና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። “አብሽሪ ልጄ፣ ከፍ ብለሽ በማሳው ጠርዝ ሂጂ።”

በማሳው ጠርዝ ሄድኩ። በአንድ ወገን ጫትና ማሽላ፣ በሌላው ወገን ፊላው። ፊላው በየመሃሉ ክፍት ይልና ውሃው ብቅ ይላል። ዳሩ አረንጓዴ ነው፣ ራቅ ሲል ይጠቁራል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ጥቁረቱ ሌላ መሰለኝ። ከላይ ከሐርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው አንከርካ ወንዝ ይገባበታል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን አይታይም።

እስጢፋኖስ ገዳም ስንደርስ ተለያየን። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ሴት አትገባም። ወንድሜ “ቶሎ እመጣለሁ” ብሎ ገባ። ቶሎ አልመጣም።

የሚገርመው የቦታው አፈ ታሪክ የሴት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው። እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ቀረና ደሴት ሆነ ይባላል። ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ ደሴት አይባልም። ገዳሙ ያለው እዚያው መሬት ላይ ነው። እኔ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ይህንን ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ተነስቼ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ተመለስኩ። አንድ ልጅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያጸዳል። በግራ እጁ ጭራውን ይይዛል፣ ቢላውን ወደ ጭንቅላቱ ይገፋል፤ ቅርፊቱ ብን ብሎ ክንዱ ላይ ይለጠፋል። ክንዱ እስከ ክርኑ ያብለጨልጫል። ሆዱን በአንድ ቁርጥ ከፍቶ አንጀቱን ወደ ኋላው ሲወረውር፣ ወፎቹ መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል። ልጁ ዞር ብሎ እንኳ አያይም። ቆሮሶ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970ዎቹ ነው የተጨመረው። አሁን ግን ሐይቅ ሄዶ ዓሣ ጥብስ ሳይበላ የሚመለስ ካለ መንገድ ስቶ መሆን አለበት።

ወንድሜ ሲመጣ እኔ ሁለተኛውን ዓሣ ጀምሬያለሁ።

“ምን አየህ?”

“ብዙ ነገር። አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?” አለ፣ ጉልበቴን እያየ። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ወደ ደሴ ስንመለስ የሚኒባሱ ረዳት እግሬን አየና ምንም ሳይናገር ሁለት ፌስታል አቀበለኝ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አጥልቄ ደሴ ገባሁ። ያን ፎቶ ግን አልተነሳሁትም።