ባዶ ሴልና የቢል ራስል ዜሮ

አንድ የስፖርት ዝግጅት ክፍል የምንጊዜውን ምርጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ለመለየት በኤክሴል የነጥብ ሠንጠረዥ አዘጋጀ። ማጥቃት፣ መከላከል፣ ዋንጫ፣ የኮከብነት ሽልማት፤ ለእያንዳንዳቸው 25 ነጥብ። ውጤቱ ሲወጣ ቢል ራስል በመከላከል የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ተገኘ። በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ ያነሳው፣ ያውም በመከላከል ብቃቱ የሚታወቀው ሰው! ጭቅጭቁ ግን ወዲያው ጆርዳን ወይስ ሌብሮን ወደሚለው ስለዞረ ቀመሩን ከፍቶ ያየ አልነበረም።

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ብሎክ (ወደ ቅርጫት የተወረወረን ኳስ ማገድ) እና የተነጠቀ ኳስ መመዝገብ የጀመረው በፈረንጆቹ 1973-74 ነው። ራስል ጫማውን የሰቀለው በ1969። ስለዚህ በሠንጠረዡ የእሱ የብሎክና የተነጠቀ ኳስ ሴል (ሳጥን) ባዶ ነበር። ኤክሴል ደግሞ በአቨሬጅ ቀመር ባዶ ሴልን ቢዘልም፣ በተራ ማካፈል (ብሎክ ለጨዋታ ብዛት) ላይ እንደ 0 ይወስደዋል፤ የስህተት ምልክትም አያሳይም።

የራስል ዜሮ ቢያንስ ዓይን ያወጣ ነው። የከፋው የካሪም አብዱል ጀባር ነው፤ የእሱ ቁጥር ትክክል ይመስላል። 3,189 ብሎክ ለ1,560 ጨዋታ ሲካፈል 2.0 ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት 321 ጨዋታዎች ግን ብሎክ ያልተቆጠረባቸው ናቸው። እነሱ ሲቀነሱ 2.6 ይሆናል።

የሽልማቱ ዓምድም ያው ችግር ነበረበት። የፍጻሜ ኮከብ ሽልማት የተጀመረው በ1969፣ በራስል የመጨረሻ ዓመት ሲሆን፣ የወሰደውም ከተሸናፊው ቡድን ጄሪ ዌስት ነው። ስለዚህ ጆርዳን 6፣ ራስል 0። ሽልማቱ ከ2009 ጀምሮ በራስል ስም መጠራቱን ልብ ይሏል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ በባዶው ሴል «አልተመዘገበም» ብሎ መጻፍ። ያኔ ማካፈሉ ስህተት ያሳያል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ከዚያ የዚያን መስፈርት ነጥብ የተወዳዳሪዎቹ ሁሉ መረጃ ወዳላቸው መስፈርቶች፣ ለምሳሌ ወደ ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰን ኳስ መያዝ)፣ ማዛወር። ድምርና አማካይም በአንድ ዓምድ አይግቡ፤ የተቆጠረ ነጥብ ድምር ካሪምንና በየካቲት 2023 የእሱን ክብረ ወሰን የሰበረውን ሌብሮንን ያስቀድማል፣ አማካይ ደግሞ ጆርዳንን። ይህን ሳይወስኑ መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

አማካይም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። ጆርዳን 32,292 ነጥብ በ1,072 ጨዋታ፣ ዊልት ቻምበርሌን 31,419 በ1,045 ጨዋታ አስቆጥረዋል። ወደ አንድ አስርዮሽ ተጠጋግቶ ሲገባ ሁለቱም 30.1 ናቸው። በሁለት አስርዮሽ ግን 30.12 እና 30.07።