ለወገብ ሕመሜ በመርፌ የሚሰጠውን ሕክምና ከመቀበሌ በፊት የስኬት ቁጥሮቹን እንዴት እንዳነበብኋቸው

በሜሪላንድ በሾፌርነት ስሠራ የጀመረኝ የታችኛው ወገብ ሕመም ለዓመታት አብሮኝ ዘልቋል። ፊዚዮቴራፒውም ኪኒኑም ቢያቀሉልኝ እንጂ ስላልነቀሉልኝ፣ ሐኪሜ በአከርካሪ አጥንት መጋጠሚያዎች አጠገብ የሚያልፉትን ሕመም አስተላላፊ ቀጫጭን ነርቮች በመርፌ ጫፍ በሚፈጠር የራዲዮ ሞገድ ሙቀት የማቃጠል ሕክምና አቀረቡልኝ። ሕክምናው ቀዶ ጥገና የለውም፤ በራጅ ምስል እየታየ ይሠራና ታካሚው በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለ ውጤቱ ስጠይቃቸው «አብዛኛው ሰው ይሻለዋል» አሉኝ። መልሱ ከቅንነት የመጣ ነበር። ሆኖም ሕመሙ በምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደተለካ ሳላውቅ ለመወሰን ስላልፈለግሁ፣ ቀጠሮውን አዘግይቼ ጥናቶቹን ማንበብ ጀመርሁ።

መጀመሪያ የተረዳሁት ስኬት የሚቆጠረው በመዳን አለመሆኑን ነው። በሕመም ምርምር ታካሚው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይገልጻል፤ የ30 በመቶ ያህል ቅናሽ ለታካሚው ትርጉም ያለው ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል፣ ብዙ ጥናቶች ደግሞ ሕመሙ በ50 በመቶ የቀነሰለትን ሰው ከተሳካላቸው ይቆጥሩታል። ስለዚህ ከ8 ወደ 4 የወረደ ሰው፣ 4 የሚያህለውን ሕመም በየቀኑ እየተሸከመም ከተሳካላቸው መዝገብ ይገባል። ይህ ትንሽ እፎይታ አይደለም፤ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ላጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ በአንድ ዓይነት ሕክምና ላይ የተሠሩ ጥናቶች ውጤት ይህን ያህል መራራቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት 15 ሰዎችን ብቻ መርጦ ያከመ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በኋላ 60 በመቶ የሚሆኑት ሕመማቸው ቢያንስ በ90 በመቶ ቀንሶላቸው ነበር። በኔዘርላንድስ በ16 የሕመም ክሊኒኮች 681 ሰዎች የተሳተፉባቸውና በ2017 የታተሙት ሦስት ጥናቶች ግን፣ ይኸው ሕክምና ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጋር ሲሰጥ ከእንቅስቃሴው ብቻ ይበልጥ ጉልህ ጥቅም እንዳለው አላሳዩም። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት የታካሚዎቹ አመራረጥ ይመስለኛል። ሕመሙ በእርግጥ ከመጋጠሚያዎቹ የሚመጣ መሆኑን ለማወቅ ነርቮቹ አስቀድመው በማደንዘዣ መርፌ ይፈተሻሉ፤ አንድ ፍተሻ ብቻውን ግን ደጋግሞ ያሳስታል። የ2000ው ጥናት ሰዎቹን የመረጠው በተደጋገመ ፍተሻ ሲሆን፣ መጋጠሚያዎቹን የሚመለከተው የኔዘርላንድስ ጥናት ያደረገው አንድ ጊዜ ነው። ያም ሆኖ በ15 ሰዎች ላይ የተገኘን ውጤት ለሁሉም ቃል አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ስለ ማነጻጸሪያ ያስተማረኝ ግን በሌላ ሕክምና፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ በሚተከል መሣሪያ ኅብለ ሰረሰርን በኤሌክትሪክ በማነቃቃት ላይ ያነበብሁት ነው። በ2007 በታተመ የ100 ሰዎች ጥናት፣ መሣሪያው ከተተከለላቸው 48 በመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ደግሞ 9 በመቶ የእግር ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶላቸዋል። በ2022 በታተመው የኖርዌይ ጥናት ግን መሣሪያው ለሁሉም ተተክሎ፣ በየተራ አንዴ እየሠራ አንዴ ሳይሠራ፣ ታካሚው የትኛው ላይ እንዳለ ሳያውቅ ሲፈተሽ ጉልህ ልዩነት አልታየም። የመርፌና የመሣሪያ ሕክምና ተስፋን ራሱን ስለሚያነሣሣ፣ የማስመሰል ሕክምና (እንደ እውነተኛው ተደርጎ የሚሰጥ ግን የማይሠራ) ያልተካተተበትን ቁጥር ከዚያ ወዲህ በጥንቃቄ ነው የማየው። በሙቀት የማቃጠሉን ሕክምና በተመለከተ፣ በመኪና አደጋ ምክንያት አንገታቸውን ለሚያማቸው 24 ሰዎች በ1996 የታተመው ጥናት እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ነበረው፤ ሕመሙ ወደ ግማሹ እስኪመለስ የፈጀው መካከለኛ ጊዜ በታከሙት ላይ 263 ቀን፣ መርፌው ያለ ሙቀት በገባላቸው ላይ 8 ቀን ነበር። በ2025 ደግሞ የባለሙያዎች ቡድን ለሥር የሰደደ የአከርካሪ ሕመም በሙቀት ማቃጠልን ጨምሮ በመርፌ የሚሰጡ ሕክምናዎች በአብዛኛው እንዳይሰጡ የሚመክር መመሪያ አውጥቷል፤ ይህንንም ለሐኪሜ አንሥቼላቸው በሰፊው ተወያይተናል።

በመጨረሻ የተስማማሁት በሁለት የተለያዩ ቀናት የማደንዘዣ ፍተሻ ተደርጎልኝ ሕመሜ በሁለቱም ጊዜ ቢያንስ በ80 በመቶ ከቀነሰ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን ሜዲኬርም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አስቀድሜ በደብተር ላይ ምን ያህል መቀመጥ፣ መንዳትና ዕቃ ማንሣት እንደምችል ጻፍሁ፤ ሕመም ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ትዝታን ብቻ መተማመን አልፈለግሁም። ሁለቱም ፍተሻዎች መስፈርቱን አለፉ።

ከሕክምናው በኋላ ወገቤ ለሳምንታት ተቆጥቶ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ ከ7 ወደ 3 ወረደልኝ። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እኅቴ ስልክ ደውላ «ታዲያ ዳንህ?» ስትለኝ «እትዬ፣ አልዳንኩም፤ ግን ተቀምጬ መሥራት ችያለሁ» አልኋት። የተቃጠለ ነርቭ ተመልሶ ስለሚያድግ ሕመሙ ቀስ በቀስ መመለሱን ጠብቄው ነበር፤ ሲመለስም ደብተሬን ይዤ ሄድሁ። እፎይታው ከ6 ወር በላይ መቆየቱንና ከግማሽ በላይ መሆኑን ሐኪሜ አይተው ሕክምናው እንዲደገም ተስማማን፤ በመካከሉ ግን የወገብ ማጠንከሪያውን እንቅስቃሴ አላቋረጥሁም።