«ደህና ነኝ» በዶላር ሲተመን

ለገጣፎ ውስጥ ከአሜሪካ የመጣ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ቢገባ ከድንኳኑ ሳይወጣ የሚጠየቀው ጥያቄ አለ፤ «እዚያ አገር ሽማግሌን መንግሥት ይጦራል ሲሉ እውነት ነው?» አጠገብ የተቀመጠው ቀበል አድርጎ «የምን መጦር! ልጆቹ ወስደው ይጥሏቸዋል እንጂ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። መንግሥት አብዛኛውን ሰው አይጦርም፤ መጣሉም ቢሆን እንዲህ በርካሽ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ ልጆች በላኩት ዶላር በተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ከዘበኛና ከሠራተኛ ጋር ለቀሩ የለገጣፎና የሱሉልታ ወላጆች ነው። «እማዬን አምጥቼ ጥሩ ቦታ አስገባታለሁ» እያሉ ለሚያቅዱ ልጆችም ነው።

መጀመሪያ ቦታዎቹን እንለይ። እኛ ሽማግሌ ያለበትን ሁሉ «ነርሲንግ ሆም» እንላለን። ነርሲንግ ሆም ሌት ተቀን ነርስ ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ ነው። አሲስትድ ሊቪንግ ግን የራስ ክፍልና የራስ ቁልፍ ያለበት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ የሚቀርብበት፣ በመታጠብ፣ በመልበስና መድኃኒት በመውሰድ የሚታገዙበት መኖሪያ ነው። ሜሞሪ ኬር የሚባለው ደግሞ የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሲሆን በሩ ይቆለፋል፤ ዋጋውም ይበልጣል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ግቢ የያዙ መንደሮች አሉ፤ ሰው እየደከመ ሲሄድ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ያዛውሩታል። ለመግባት የሚጠይቁት የመነሻ ገንዘብ ግን ቤት ይገዛል። በአሪዞና በ1960 እንደተከፈተው ሰን ሲቲ ያሉት ደግሞ ከ55 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የተሠሩ የመኖሪያ መንደሮች ናቸው እንጂ የሚያጥብና የሚደግፍ ሰው አይቀጥሩም። የጎልፍ ሜዳውን ፎቶ አይታችሁ እንዳትሸወዱ።

ገንዘቡ። የእንክብካቤ ዋጋን የሚያጠናው ኬርስካውት የሚባል ድርጅት በ2024 ጥናቱ እንዳገኘው፣ የአሲስትድ ሊቪንግ መካከለኛ ዋጋ በወር 5,900 ዶላር ነበር፤ ለአንድ ሰው። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ይህን አይከፍልም። ሜዲኬር የሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣ ሰው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሕክምናና ማገገሚያ እስካስፈለገው ድረስ፣ ቢበዛ እስከ 100 ቀን ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውም የመጀመሪያውን 20 ቀን ብቻ ነው። ሜዲኬድ የሚባለው የደኻው የጤና መድን በብዙ ስቴቶች የእንክብካቤውን ዋጋ ይሸፍናል፤ ኪራዩንና ምግቡን ግን አይከፍልም፣ ወረፋውም ረጅም ነው። በልጅ ስፖንሰርነት ግሪን ካርድ ያገኙ ወላጆች ደግሞ ለአብዛኛው የፌዴራል ሜዲኬድ አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ሠርተው ግብር በመክፈል የሚገኘውን ክሬዲት ካላጠራቀሙ ሜዲኬርም ቢሆን 65 ዓመት ሞልቷቸው አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖሩ በኋላ በየወሩ እየከፈሉ የሚገዙት ነው። በቪዚት ቪዛ የመጣ ወላጅ አንዱንም አያገኝም። «ቤቱን በእህቴ ስም አዙረን ደኻ ነን እንላለን» የምትሉ ካላችሁ፣ ሜዲኬድ በአብዛኞቹ ስቴቶች አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የተሰጠውን ሁሉ ይጠይቃል። ለገጣፎ ያለ ቪላም ንብረት ነው፤ መደበቅ ማጭበርበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዋጋውን የሚወስነው የክፍሉ ስፋት አይደለም፤ አሰስመንት የሚባለው ግምገማ ነው። ነርሷ ቅጽ ይዛ ትመጣና ስድስት ነገር ታጣራለች፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፣ መብላት። በየመልሱ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ሲደመር ደረጃ ይሆናል፤ ደረጃው በየወሩ ኪራዩ ላይ የሚጨመረው ሒሳብ ነው።

የእኛ እናት ግን የተጠየቁትን ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው ይመልሳሉ። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ወንድ ልጃቸው ነው። ነርሷ «ሽንት ያመልጥዎታል?» ትላለች። ልጁ ጣሪያ ጣሪያ እያየ «እማዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው ትላለች» ይላል። እናት «ደህና ነኝ፤ ማን ደግፎኝ ያውቃል!» ይላሉ። ቅጹ ላይ «ራሷን የቻለች» ተብሎ ይጻፋል፤ እናት ከወንበሩ ለመነሳት ሁለቴ እየሞከሩ። በገቡ በወሩ ሠራተኞቹ ያዩትን ይመዘግባሉ፣ ግምገማው ይደገማል፣ ሒሳቡ በመቶዎች ዶላር ይዘላል። የባሰው ደግሞ «እርዳታዋ ከሥራ ፈቃዳችን በላይ ስለሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ» የሚል ደብዳቤ ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠል የመጥሪያ ቁልፍ ቢሰጣቸውም «ሰው በሌሊት አላስቸግርም» ብለው ሳይጫኑት በጨለማ ተነስተው ይወድቃሉ። ይሉኝታችን ለለገጣፎ ጎረቤት ይመቻል፤ እዚያ ዳሌ ይሰብራል።

ከዚህ የባሰ ውርደት ደግሞ የማስታወስ ፈተናው ላይ ይጠብቃችኋል። ዓመቱ ስንት ነው ይባላሉ። በሰኔ 2025 የተጠየቁ እናት «2017» ይላሉ፤ ስህተት። ወቅቱስ? «ክረምት»፤ ስህተት፣ ለፈረንጁ ሰኔ በጋ ነው። ቀጥሎ ወረቀት ይሰጣቸውና ሰዓት ሳሉ፣ 11 ሰዓት ከ10 አድርጉት ይባላሉ። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት የሚሆነው አጭሩ ቀስት 5 ላይ ሲያርፍ ነው፤ እናትም 5 ላይ ያሳርፉታል። ስህተት። ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ፣ የእድር ተበዳሪን ስም ከነዕዳው የሚያውቁ ሴትዮ የመርሳት በሽታ ተጠርጥረው በሩ ወደሚቆለፈው ክፍል ይታጫሉ። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ለነርሷ የእኛን የዘመን አቆጣጠርና የሰዓት አቆጣጠር በጽሑፍ ስጧት። የቀኑን ጉዳይ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲመዘገብ ጠይቁ። ውጤቱ ካልጣማችሁ ሐኪም ዘንድ ይደገም በሉ።

ስለዚህ ለግምገማው ልጅ አያስተርጉም፣ ወንድ ልጅ ደግሞ በፍጹም። ቤቱ የሠለጠነ አስተርጓሚ እንዲያመጣ ወይም በስልክ እንዲያገናኝ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከግምገማው በፊት አንድ ሳምንት ያህል ዝም ብላችሁ አስተውሉና ጻፉ፦ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ፣ ጫማቸውን ማን ያስርላቸዋል፣ ገንዳ ውስጥ ሲገቡ ምን ይይዛሉ፣ ኢንሱሊኑን ማን ይወጋል። የመጨረሻው ወሳኝ ነው፤ ሁሉም ቤት መርፌ የሚወጋ ሰው በየፈረቃው የለውም። የየደረጃውን ዋጋ ዝርዝር በጽሑፍ ሳይሰጧችሁ አትፈርሙ።

ስለ ምግብና ስለ ቡና የሚነሳው ጠብ ከዚህ አያንስም። ራት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት እኛ መክሰስ እናስባለን። ለጾም «ቬጀቴሪያን» ብትሉ አይብ የተነሰነሰበት ይመጣል፤ «ቪጋን፣ ወተትም ቅቤም እንቁላልም የለበትም» በሉ፣ ረቡዕና ዓርብንም በቅጹ ላይ አስመዝግቡ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጉዳዩ የወጥ ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙና የንስሐ አባት አስቀድመው ይነጋገሩበት። ክፍል ውስጥ ቡና መቁላት፣ ዕጣንና ጧፍ ክልክል ናቸው፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ የሕንፃው ነዋሪ በሙሉ ውጭ ይሰለፋል። የተቆላና የተፈጨ ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ጀበናውን ለጌጥ አስቀምጡት። ጠበል ማንም አይነካባችሁም። ዳማከሴና ጤናአዳም ግን መሳቢያ ውስጥ ከተገኙ ይወሰዳሉ፤ መድኃኒቱን ቤቱ የሚቆጣጠር ከሆነ የራስ ምታት ክኒን እንኳ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።

ቦታውን ለማየት በቀጠሮ አትሂዱ። አስጎብኚዋ ፒያኖና ዓሣ ያለበትን ገንዳ ታሳያችኋለች። ቅዳሜ ማታ በራት ሰዓት ሂዱ፣ ኮሪደሩን አሽትቱ፣ የመጥሪያ መብራት በርቶ እስኪጠፋ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠሩ፣ ሌሊት ለስንት ሰው ስንት ሠራተኛ እንደሚያድር ጠይቁ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሌሊቱን ሥራ የሚሠሩት ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው፤ በአማርኛ ሰላም በሏቸውና አስጎብኚዋ ያልነገረቻችሁን ስሙ። የሜዲኬር የኮከብ ደረጃ ለነርሲንግ ሆም እንጂ ለአሲስትድ ሊቪንግ አይሰጥም፤ አሲስትድ ሊቪንግን የሚቆጣጠረው ስቴቱ ነው። የቁጥጥር ሪፖርቱን በቨርጂኒያ ከማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ፣ በሜሪላንድ ከጤና ጥራት ቢሮው ፈልጉ።

ውሉ ላይ ደግሞ «ሪስፖንሲብል ፓርቲ» (ኃላፊነት የሚወስድ ወገን) ከሚለው መስመር በላይ ስማችሁን ከማስፈራችሁ በፊት ለጠበቃ አሳዩት፤ የእናት ሒሳብ ሲያልቅ የእናንተ ዕዳ እንዳይሆን። ነርሲንግ ሆም ልጅን ዋስ ግባ ብሎ እንዳያስገድድ የፌዴራል ደንብ ይከለክላል፤ ደንቡ አሲስትድ ሊቪንግን አይመለከትም። ሆስፒታል ቢተኙም ኪራዩ ይቆጥራል። የመግቢያ ክፍያው ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ በቅድሚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ለሙከራ የሚያስገቡ ከሆነ ያንን ያዙ። በደል ከደረሰ በየስቴቱ ኦምቡድስማን (እንባ ጠባቂ) አለ፤ አቤቱታው በነፃ ነው።

«እንግዲያውስ ለገጣፎ ይሻለናል» የምትሉም አትቸኩሉ። ልጅ ያሠራው ቤት መኝታው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው እንደ መስታወት የሚያንሸራትት ሴራሚክ ነው። መኝታቸውን ምድር ቤት አውርዱ፣ ሽንት ቤቱና ሻወሩ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት አስገጥሙ፣ የውኃ ታንከር ይኑር፣ ኦክስጅን የሚጠቀሙ ከሆነ ጄኔሬተር የግድ ነው። አንዲት ሠራተኛ ቀንም ሌሊትም አትችልም፤ ሁለት ቅጠሩ። አያት አካባቢ ያለውን መቄዶንያን «ከፍለን እናስገባቸው» የምትሉ ደግሞ አታሳፍሩን፤ እሱ ደጋፊ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና የሚያነሳ በጎ አድራጎት ነው እንጂ የባለ ቪላ ወላጅ ማረፊያ አይደለም።

የትኛውንም ብትመርጡ ውክልናውን አሁኑኑ ጨርሱት። በአሜሪካ ውክልናው «ዱረብል» ተብሎ ከተጻፈ ወካዩ አእምሮው ቢደክምም ይቀጥላል። በእኛ ሕግ ግን በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል። የለገጣፎውን ቤት ሸጦ ሒሳቡን መክፈል የሚያስፈልገው ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ ነው።