ስስ ውህድ ሉሆችና የሌዘር ጨረር
ለሞዴል ሕንፃ ጥቃቅን የመስኮት ፍሬሞችን በሌዘር ስቆርጥ አስቀድሜ የማየው የሉሁን ውፍረት ሳይሆን ከምን ከምን እንደተሠራ ነው። የካርቦን ፋይበር ሉህ የሚያስቸግረው፣ ክሮቹ ወደ ትነት ለመለወጥ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲፈልጉ የሚያያይዛቸው ኢፖክሲ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈርስ፣ ጨረሩ ክሩን ሳይጨርስ ጠርዙ ከስሎ እንደ አሮጌ ጨርቅ ስለሚተረተር ነው። ስስ ፕላይውድ በአንጻሩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር በደንብ ይቆረጣል፤ ሆኖም ጨረሩ ራሱ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚበላ፣ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የፍሬም ዘንግ በሥዕሉ ላይ ይህ የሚበላው ስፋት ካልተጨመረለት እስከ አንድ አምስተኛው ይቀንሳል። (አንድ ሙሉ ሉህ ያበላሸሁት በዚሁ ምክንያት ነው።) ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ያለበትን ሉህ ግን፣ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ከማሽኑ አላስጠጋውም።