ከዛሬው የመብራትና የድምፅ ልምምድ

ልብ አንጠልጣይ ትያትር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በትወና ሳይሆን በሰከንድ ሽርፍራፊ ነው። ዛሬም የታየው ይኸው ነው። የበሩ ኳኳታ በብሉቱዝ ስፒከር ሲለቀቅ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፤ ተዋናይዋ ቀድማ ትደነግጣለች፣ ተመልካች ይስቃል። በኬብል አገናኙት፤ ስፒከሩንም በሩ ካለበት ዲኮር ጀርባ አስቀምጡት። እንዲያውም አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ በእጁ ጣውላ ቢያንኳኳ ከየትኛውም ቅጂ ይበልጣል።

ሳሎኑ እየጨለመ ይሂድ ከተባለ መብራቱ ከ100 ወደ 60 በመቶ በ4 ደቂቃ ይውረድ። ማንም ልብ ሳይለው ጭንቀቱ ይገባል። በ10 ሰከንድ ከወረደ ግን ሁሉም ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል።

መብራቱ ድንገት ድርግም ሲል ደግሞ ተዋናዩ ከደማቅ ብርሃን ስለሚወጣ ለጊዜው ዕውር ነው። መብራቱ ከመጥፋቱ 30 ሰከንድ ያህል ቀድሞ፣ ጀርባውን ለተመልካች በሰጠበት ጊዜ፣ አንድ ዓይኑን ቢጨፍን ያ ዓይን ጨለማውን በመጠኑ ይለምዳል። የመድረኩ ጠርዝና ደረጃው ላይ በጨለማ የሚያበራ ቴፕ መለጠፍ ግን ግዴታ ነው።

ከባዱ ዝምታው ነው። «5 ሰከንድ ቆይ» የተባለ አማተር 2 ላይ ይናገራል፤ ሲፈራ ቆጠራውም ይፈጥናላ! ከቁጥር ይልቅ ሥራ ስጡት፦ ብርጭቆውን ያስቀምጥ፣ በሩን ይመልከት፣ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዳብስ፣ ያጣው። ከዚያ ይናገር።